ወፍ የጓሮ አጥር አያውቅም፦ በወሎ ለሚገኙ የግብርናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 2018 ዓ.ም.
ከቦርከና ሸለቆ

ጉዳዩ፦ የጓሮ አትክልትን ከወፍ፣ ከትልና ከአውሬ በመንደር ደረጃ ስለመጠበቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እኔ 31 ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ከአንዲት ትንሽ ምንጭ በተጠለፈ ውኃ ጓሮዬን የማለማ ሰው ነኝ። ጓሮዬ ግማሽ ጥማድ አይሞላም፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቲማቲም አለበት፤ ዳር ዳሩን ቃሪያና ፓፓያ ይዞታል። ገበያ የማወጣው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ለቤቴ ወጥ ይውላል። ስለ ራሴ ይህን ያህል የተናገርሁት ቀጥሎ የምለውን ሁሉ ከመደቡ ዳር ቆሜ ያየሁት መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የጓሮ አትክልትን ከተባይ መጠበቅ ዛሬ ሙሉ በሙሉ በየአባወራውና በየእማወራው ትከሻ ላይ የወደቀ የግል ሥራ ሆኗል፤ ተባዩ ግን የማንም የግል አይደለም። ከእኔ ጓሮ ያባረርሁት ወፍ ጎረቤቴ ጓሮ ላይ ያርፋል፤ ጎረቤቴ ሳይነቅል የተወው የታመመ የቲማቲም ግንድ ያፈራው የእሳት ራት ደግሞ ከወር በኋላ የእኔ ቲማቲም ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ ጥበቃው በመንደር ደረጃ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ምክር የሚካሄድበትን መንገድ እንድታበጁልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በጥርና በየካቲት ሜዳው ሲደርቅና ጅረቱ ሲሳሳ፣ በአካባቢያችን ለምልሞ የሚቀረው ከሞላ ጎደል በመስኖ የሚጠጣው መሬት ነውና ወፉ ሁሉ ወደዚያው ይሰበሰባል። ወፍ ሌሊቱን ሳይበላ ስለሚያድር ጎህ ከቀደደበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ አጥብቆ ይበላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ፈልጎ ያርፋል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለሌሊቱ ሆዱን ሊሞላ ይመለሳል። ጉዳቱም እንደየወፉ ይለያያል። ርግብና ዋኖስ አዲስ የተዘራ አተርና በቆሎ ይለቅማሉ፤ ቁራ የበቀለውን የበቆሎ ቡቃያ ነቅሎ ከሥሩ ያለውን ፍሬ ይበላል፤ ድንቢጥ የሰላጣንና የቀይ ሥርን ለጋ ቅጠል እየቆነጠረች ችግኙን አጥንቱን ታስቀረዋለች። ከሁሉም እኔን ያስመረረኝ ግን ያ ቁንጮ ያለው፣ ጭራው ከአካሉ የሚረዝም አመድማ ወፍ ነው፤ ብቻውን አይመጣም፤ ከነቤተሰቡ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየተከታተለ ይገባና ቅጠሉንም፣ እንቡጡንም፣ የፓፓያውን ፍሬም ሳይመርጥ ያወድማል።

ቲማቲም ላይ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ ከረሃብ የመጣ አይደለም። በደረቅ ወራት ወፉ የቀላውን ቲማቲም የሚወጋው ብዙ ጊዜ ውኃ ጠምቶት ነው፤ አንዱን ጨርሶ አይበላም፤ አሥሩን ወግቶ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት መጥጦ፣ ሁሉንም ለዝንብና ለብስባሴ ትቶ ይሄዳል። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ከቲማቲሙ መደብ ራቅ አድርጌ ጥላ ሥር በሰፊ ሸክላ ውኃ አኖራለሁ፤ ቲማቲሙንም እስኪቀላ ሳልጠብቅ ቂጡ መቅላት ሲጀምር ለቅሜ ቤት ውስጥ አበስለዋለሁ። በዚያ ደረጃ የተለቀመ ቲማቲም ከግንዱ ተለይቶም በደንብ ይቀላል። ይህ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ዘዴ ነው፤ እኔ ግን ያወቅሁት ሦስት ምርት ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቼም ያወቁት ከእኔ ነው፤ ይህን ሊነግረን የሚገባው ማን እንደ ነበር ለእናንተ ሕሊና እተወዋለሁ።

ማስፈራርቾንም ሞክሬአለሁ። ሁለት እንጨት አጋድሜ፣ ያስተማርሁበትን አሮጌ ኮት አልብሼ፣ ባርኔጣም ደፍቼለት በመደቡ መካከል አቆምሁት። በክፍል ውስጥ ለዓመታት ያስከበረኝ ኮት በአራተኛው ቀን የድንቢጥ መቀመጫ ሆነ። ወፍ የማይንቀሳቀስን ነገር በጥቂት ቀናት ይለምዳል፤ የሚፈራው ለውጥን ነው። ስለዚህ ማስፈራርቾ በየሁለት ቀኑ ቦታው ካልተቀየረ፣ ልብሱም ካልተለወጠ ከንቱ ድካም ነው። የድሮ ካሴት ጥብጣብ በችካሎች መካከል ወጥሮ ማሰር ከዚህ ይሻላል፤ ነፋስ ሲነካው ይጮኻል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ያንጸባርቃል። ነገር ግን ጠዋት በጠዋት፣ ወፉ በሚበላበት ሰዓት፣ ሸለቆው ውስጥ ነፋስ የለም። በመጨረሻ ሁሉም ዘዴ ሲሟጠጥ የሚቀረው የአባቶቻችን ዘዴ ነው፤ ማማ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍና የሰው ድምፅ።

የሰው ድምፅ ሲባል ደግሞ የማን ድምፅ እንደ ሆነ የማናውቅ የለንም፤ የልጆች ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን በዚህ ደብዳቤ የጠራሁት ለዚህ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ወፉ የሚበላው ከ12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ልጁ ወይም ከሰልፍ ይቀራል፣ ወይም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል፣ ወይም ጭራሹኑ ይቀራል። በማስተምርበት ዘመን አርፍደው የሚመጡትን በር ላይ አቁሜ ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ጋሼ፣ ወፍ ስጠብቅ ነው» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ አላስታውስም፤ እንደ ሰበብ ቆጥሬ የቀጣኋቸውን ግን አልረሳቸውም። ዛሬ ራሴ ከማማው ሥር ስቆም ያ መልስ እውነት እንደ ነበረ ተረድቻለሁ። በማሽላ ወቅት የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ለማሽላው ግን ወቅት አለው፤ ያልፋል። የመስኖ ጓሮ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚተከል የወፍ ጥበቃው ከመስከረም እስከ ሰኔ ከትምህርቱ ዘመን ጋር አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ላቅርብ። አጥር ለአጥር የተያያዙ 12 ጓሮዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው የሚጠብቅ ከሆነ በየጠዋቱ 12 ሰው፣ ብዙውን ጊዜ 12 ልጅ፣ ይቆማል፤ ሁሉም ወፉን ወደ ጎረቤቱ ከማዞር በቀር ሥራ የለውም። በተራ ቢሆን ግን በየጠዋቱ ሁለት አዋቂዎች ከላይና ከታች ቆመው ወፉን ከመንደሩ ሊያወጡት ይችላሉ፤ የአንዱ ቤት ተራም በ6 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሳል። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ አሠራር አይደለም። በቅሬአችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ቀብር እናስፈጽማለን፤ ድንኳንና ዕቃ በጋራ እንይዛለን፤ ተራ እንጠብቃለን፤ የቀረም ይቀጣል። በወንፈልና በደቦም እናርሳለን፣ እናጭዳለን። ጓሮው ብቻ ነው ብቻውን የቀረው።

ባለፈው ዓመት ሰባት ቤቶች ሆነን ሞክረነው ነበር። አምስት ሳምንት ያህል በሚገባ ሄደ። ከዚያ አንዲት አዋቂ ረዳት የሌላቸው እናት ተራቸው ሲደርስ ልጃቸውን ላኩ፤ ሌላው ጎረቤት «ልጅ አይቆምም ተባብለን ነበር» አለ፤ ሌላው ደግሞ «የእኔ ሽንኩርት ነው፤ ወፍ አይነካውም፤ ለምን እቆማለሁ?» ብሎ ቀረ። ሽማግሌዎች መሐል ቢገቡም ደንብ አልነበረንምና የሚፈርዱበት ነገር አጡ። ስምምነቱ ፈረሰ። ማንንም አልወቅስም፤ የሽንኩርቱም ሰው የተናገረው ከራሱ አንጻር እውነት ነው። የጎደለን ሰብሉን ከጉዳቱ ጋር አገናዝቦ የተራውን ድርሻ የሚተምን፣ አቅም ለሌለው ቤት ምትክ የሚያበጅ፣ ሁላችንም የምናምነው አንድ ጽሑፍ ነበር። ይህንን ደግሞ አንድ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ከቅሬው ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ቀን ተቀምጦ ሊያወጣው ይችላል።

መንግሥት ተባይን በጋራ የመከላከል ልምድ የለውም ማለቴ አይደለም። ግሪሳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። አንድ ግሪሳ በቀን ወደ 10 ግራም እህል ይበላል፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ያለበት መንጋ እንግዲህ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያህል ያነሣል ማለት ነው። ይህ ስለሚታወቅ የማደሪያ ቦታው ይጠናል፤ ለፌዴራል ይነገራል፤ አውሮፕላን መጥቶ ይረጫል። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች በቆሎው ላይ ሲወርድ ባለሙያውና ገበሬው አብረው ወጥተው በእጅ ሲለቅሙ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በደቡብና በሰሜን ወሎ በደረሰ ሰብል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሳይቀር ቆርቆሮ እየደበደበና ጅራፍ እያጮኸ ተሰልፎ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል የሚበላ ነውና መረባረቡ ተገቢ ነበር። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ በአንድ ቀን የሚያወድመውን ተባይ እንደ አገር ጠላት ካየነው፣ በዓመት ውስጥ ሳያቋርጥ ጥቂት ጥቂት የሚቆነጥረውን ለምን የሴትና የልጅ ጉዳይ አደረግነው? በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የቤተሰብ ማዕድ ከደጁ እንዲሞላ እየተመከርን ነው፤ ምክሩን ተቀብለን ተክለናል፤ የተከልነውን የሚጠብቅ ምክር ግን አብሮ አልመጣም።

አሁን ወደ መረቡ ልምጣ፤ ዋናው ልመናዬ እርሱ ነውና። ወፍን ያለ ድካም የሚከላከል ነገር ቢኖር መረብ ነው፤ ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ይጠይቃል። ዓይኑ ከ2 ሳንቲ ሜትር የሰፋ መረብ ድንቢጥን አያግድም። በቅጠሉ ላይ በቀጥታ ከተጣለ ወፉ ከላይ ቆሞ በቀዳዳው ይቆነጥራል፤ ስለዚህ ከሸምበቆ ወይም ከታጠፈ አርጩሜ በተሠራ ቅስት ላይ ከፍ ብሎ መወጠር አለበት። ጠርዙ በአፈር ወይም በድንጋይ ካልታፈነ ወፉ ከሥር ይገባና መውጫ አጥቶ ይሞታል፤ ልል ሆኖ የተተወ መረብ ደግሞ ጉዳት የሌለውን እባብና ጠቃሚውን ወፍ ጠልፎ ይገድላል። ይህን ሁሉ የምናገረው መረቡን አግኝቼ አይደለም። በአቅራቢያችን ገበያ ለጓሮ የሚሆን መረብ በሜትር ተቆርጦ ሲሸጥ አላየሁም።

ያላገኘነውን መረብ በምን እንደ ተካነው ታውቃላችሁ፤ በአጎበር ነው። ጥፋቴን ልናዘዝ፤ እኔም የተቀደደ አጎበር በቆስጣ ችግኝ ላይ ወጥሬ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ «አባባ፣ እርስዎ መምህር ሆነው እንዲህ ካደረጉ ሌላውን ምን ልበለው?» አለችኝ፤ አፈርሁ፤ መልስም አልነበረኝም። የእኛ አካባቢ ወባ ያለበት ነው፤ ሰው ሊተኛበት የተሰጠው አጎበር ጎመን ላይ መዋል የለበትም። በዚያ ላይ አጎበሩ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ በመስኖ ቦይ ውስጥ ቢታጠብ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል፤ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ደግሞ የምናውቀው ነው። ነገር ግን ሰዉን ብቻ መቆጣት ችግሩን አይፈታውም። ሰዉ አጎበሩን ጓሮ ያወጣው ስለሚሠራ ነው። ያ ስስ መረብ ወፉንም፣ ጎመን ላይ ዕንቁላል የምትጥለውን የእሳት ራትም ያግዳል፤ በቤኒንና በኬንያ ተመራማሪዎች ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ስስ መረብ ጥቅል ጎመንን ሸፍነው መልካም ውጤት አግኝተዋል። ሰዉ አጎበሩን እንዲተው ከተፈለገ የጓሮውን መረብ ስጡት።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስስ መረብ ለሁሉም አትክልት አይሆንም። ቲማቲም በራሱ አበባ ስለሚዳቀል ተሸፍኖም ያፈራል፤ ዱባና ኪያር ግን ንብ ካልገባችላቸው ፍሬ አይይዙም፤ ስለዚህ አበባ ሲያወጡ መረቡ መነሣት አለበት። ጥቅጥቅ ያለ መረብ ሥር ሙቀትና እርጥበት ስለሚታመቅ በቆላው ችግኝ ሊበሰብስ ይችላል። ለዚህም ነው መረቡ ከባለሙያ ጋር ይምጣ የምለው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በደጃችን ያለ ተቋም ነው፤ የትኛው የመረብ ዓይን ለሐርቡ ሙቀት፣ የትኛው ለኩታበር ደጋ እንደሚስማማ ሞክሮ ቢነግረን ለብዙ ዘመን የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ስለ ትሉ ደግሞ ሳልናገር ብቀር ደብዳቤዬ ግማሽ ይሆናል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ሥራው ረቂቅ ነው። አንዲት የእሳት ራት በዕድሜዋ እስከ 260 ዕንቁላል ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል በቅጠሉ ላይኛና ታችኛ ገጽ መካከል ገብቶ ሥጋውን እየሰረሰረ ይበላል፤ በዚያ ተሸሽጎ ስለሚኖር የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም፤ ቀጥሎም ፍሬውን ይበሳል፤ ሲጠግብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፈር ወርዶ ይለወጥና በወር ገደማ አዲስ ትውልድ ይወጣል። በድንች፣ በአውጥና በእምቧይ ላይም ስለሚኖር ቲማቲም ባይኖርም አይጠፋም። እንግዲህ አንዱ ጎረቤት የለቀመውን የቲማቲም ግንድ ነቅሎ ሲያቃጥልና ሌላው በማሳው ላይ ሲተወው፣ አንዱ በጥቅምት ሌላው በታኅሣሥ ሲተክል፣ ትሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ዓመቱን ሙሉ ቤት ያገኛል ማለት ነው። መንደሩ በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ቢነቅል፣ በመካከሉም አንድ ወር ቲማቲምና ድንች ባይኖር፣ ግማሹ ሥራ በተሠራ ነበር።

ይህ ስላልሆነ ሁሉም ወደ መድኃኒት ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ከዓመታት በፊት በጥቅል ጎመኔ ላይ ያች ሲነኳት በክር ተንጠልጥላ የምትወርደው ትንሽ አረንጓዴ ትል ስትበዛብኝ፣ ከአንድ ገበያ በባዶ ሃይላንድ የተቀዳ፣ ስምም ምልክትም የሌለው ፈሳሽ ገዝቼ ረጨሁ። ሻጩ «ሁሉን ይፈጃል» ብሎኝ ነበር። ትሏን አልፈጃትም፤ ትልዋ ለብዙ ዓይነት መድኃኒት የተላመደች እንደ ሆነች ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። በማግሥቱ ግን የጎረቤቴ ንቦች ከቀፎው በር ሥር ረግፈው አገኘናቸው። ጎረቤቴ እግዜር ይስጠው አልከሰሰኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ማር ሲያቀርብልኝ እጄ ይከብደኛል። ያንን ጎመን መቼ መብላት እንደሚቻል የሚነግረኝም አልነበረም፤ ምክንያቱም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚነግረው ጽሑፍ ከዋናው ዕቃ ጋር ቀርቷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ ከወጣ ረጅም ዘመን አልፏል፤ ሃይላንዱ ግን ዛሬም በገበያ ቀን በመሬት ተዘርግቶ ይሸጣል። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን አንድ ባለሙያና አንድ ፖሊስ ይበቃሉ።

እስከዚያው ድረስ የቅርባችንን እንጠቀም። የኒም ዛፍ በባቲ፣ በከሚሴና በቆቦ ቆላ ለጥላ ተተክሎ ፍሬው በመንገድ ላይ ይረገጣል። ከደረቀው ፍሬ ውስጠኛውን ፍሬ ፈልፍሎ፣ ግማሽ ኪሎውን ወቅጦ በ10 ሊትር ውኃ አሳድሮ፣ በጨርቅ አጥልሎና ጥቂት ሳሙና ጨምሮ በምሽት ቢረጭ ለጋ ትልንና ክሽክሽን ያዳክማል። በቀን ከተረጨ ፀሐይ ኃይሉን ታጠፋዋለች። ችግኝን ሌሊት ከሥሩ ለሚቀነጥሰው ቆራጭ ትል ደግሞ ክዳንና ቂጡ የተቆረጠ ጣሳ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ትንሽ ቀብሮ ማቆም ይበቃል።

ስለ አውሬው ብዙ አልልም። ጃርትን በቅንጭብ አጥር ሥር በተደረደረ ድንጋይ እንከላከላለን፤ ፍልፈሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ በወጥመድ እንይዘዋለን። ጦጣ ግን ከልጅና ከሴት ስለማይሸሽ ለብቻው አስቸጋሪ ነው፤ እርሱም በተራው ጥበቃ እንጂ በሌላ አይመለስም። አንድ ነገር ብቻ በብርቱ እለምናለሁ፤ መርዝ በእህል ለውሶ መበተን እንዲከለከል ይሁን። መርዙ የሚገድለው ወፉን ብቻ አይደለም፤ ዶሮውን፣ ውሻውን፣ ሬሳውን የሚያነሣውን ጥንብ አንሳም ይገድላል። ደግሞም ያች የረገምናት ድንቢጥ ጫጩቶቿን የምታሳድገው ከጎመናችን ላይ በለቀመችው ትል ነው፤ ከመደባችን እንድትርቅ እንጂ ከአገራችን እንድትጠፋ አንፈልግም።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» እንዲሉ፣ ከጠየቅሁት ሁሉ የሚቀድመውን ልለይ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚያቀርቡልን ሁሉ የአትክልት መረብም ያቅርቡልን፤ በብድር ቢሆን፣ ወይም ለችግኝ ጊዜ ብቻ በኪራይ ቢሆን። አንድ የችግኝ መደብ የሚሸፈነው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የተያዘ አንድ መረብ በተራ ብዙ ቤቶችን ያገለግላል። ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ቀበሌ ባለው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ አንድ መደብ በመረብ፣ አንድ መደብ ያለ መረብ ተተክሎ ሰዉ በዓይኑ ይፍረድ። የመንደር የወፍ ጥበቃ ደንብ ከየቅሬው ጋር ይረቀቅ፤ የቲማቲም መትከያና መንቀያ ሳምንትም እንደ መስኖ ውኃው ተራ በስብሰባ ይወሰን። ትምህርት ቤቶችም የሚያረፍዱ ልጆችን ምክንያት ለይተው ይመዝግቡ፤ በወሩ መጨረሻ ያንን መዝገብ ለግብርና ባለሙያው ቢያሳዩት፣ የወፉ ጉዳት በኩንታል ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ ያየዋል።

የበልግ ችግኝ የሚፈላበት ጊዜ ደርሷል። ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን 3 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ከጓሮዬ ለይቻለሁ፤ ሸምበቆውንም ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ፤ ውኃው አለ፤ የቀሩትም ስድስት ጎረቤቶቼ፣ የሽንኩርቱ ባለቤት ጭምር፣ ከእናንተ ሰው ከመጣ ተራውን እንደገና ለመጀመር ተስማምተዋል። ስትመጡ ግን ማልዳችሁ ኑ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚመጣ እንግዳ ወፉን አያገኘውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህርና የጓሮ አትክልት አምራች